«ጣቱን ስነካው ያውቀኛል»

ጥያቄ፦

የሰቆጣ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ማስተማር ነው። ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው፤ ከወላጆቻችን ጋር ደሃና ይኖራል። የሻደይ በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ነሐሴ 23፣ የጠፉ ፍየሎች ሲፈልግ ከገደል ወደቀ። ጎረቤት ተሰብስቦ በጠፍር አልጋ ተሸክሞት መኪና መንገድ እስኪደርሱ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ሰቆጣ ሆስፒታል ኤክስሬይ አንሥተው፣ አንገቱን በኮላር አስረው ሪፈር ጻፉልን። አሁን ከክልሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች በአንዱ ተኝቷል፤ ከወደቀ ዛሬ 12 ቀኑ ነው።

ሐኪሞቹ 6ኛው የአንገቱ አጥንት ከ7ኛው ላይ ተንሸራትቷል ይላሉ። ክርኑን ያጥፋል፣ መዘርጋት ግን አቅቶታል። ጣቶቹ አይጨብጡም። እግሮቹ አይንቀሳቀሱም፤ የእግሩን ጣት ስነካው ግን ያውቀኛል። ከፊት በኩል አንገቱን ቀደን፣ ከዳሌው አጥንት ወስደን፣ በብረት እናስረዋለን ፈርሙ ብለውናል። አባታችን «አንገቱ ተቀዶ የዳነ ማን አለ?» ብሎ እምቢ አለ። አጎታችን በአገራችን የታወቁ ወጌሻ አሉ፣ ወደ እሳቸው እንውሰደው ይላል። እናታችን ጠበል ትላለች። እኔ መሃል ቤት ቀረሁ። ይሄ ቀዶ ጥገና ያስነሣዋል? ጊዜውስ አላለፈም? ብረቱ ዕድሜ ልኩን አንገቱ ውስጥ ሊቀር ነው?

(ስሜ ይቆይልኝ)

መልስ፦

እህቴ፣ ጉዳይዎ መጽሔት ታትሞ እስኪወጣ የሚቆይ ስላልሆነ ዋናውን በስልክ ነግሬዎታለሁ። ይኸኛውን የምጽፈው በስልክ ያልበቃኝን ለመጨመር፣ ደግሞም ነገ እንዲሁ ላለ ነገር ለሚዳረግ አንባቢ ነው።

ከደብዳቤዎ ሁሉ ትልቁን ነገር እንደ ዋዛ መሃል ላይ ጣል አድርገውታል፦ የእግሩን ጣት ሲነኩት ያውቅዎታል። እኛ የአንገት ጉዳተኛ ሲመጣልን ከኤክስሬዩም ከሲቲ ስካኑም በፊት የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ጉዳቱን ከኤ እስከ ኢ ባሉ አምስት ደረጃዎች እንመድበዋለን። ኤ የሚባለው እስከ መጨረሻዎቹ ነርቮች ድረስ፣ ማለትም እስከ ፊንጢጣ ዙሪያ ድረስ፣ ስሜትም እንቅስቃሴም ሲጠፋ ነው፤ ኢ ሙሉ ጤና ነው። ቢ ከኤ ቀጥሎ ያለው ነው፦ እንቅስቃሴ የለም፣ ስሜት ግን አለ። ከላይ ሲያዩት በኤ እና በቢ መካከል ልዩነት ያለ አይመስልም፤ ሁለቱም በሽተኞች አልጋ ላይ ናቸው፣ ሁለቱም እግራቸውን አያንቀሳቅሱም። በኤው ግን ከእግር ወደ አንጎል የሚሄድ ወሬ ጨርሶ ተቋርጧል። በወንድምዎ ወሬው፣ ቢቀጥንም፣ እየደረሰ ነው። ህብለ ሰረሰሩ ተጨፍልቋል እንጂ አልተበጠሰም።

ክርኑን እያጠፈ መዘርጋት ያቃተውም እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም። የአንገት አጥንቶች 7 ናቸው፤ በመካከላቸው የሚወጡት የነርቭ ጥንዶች ደግሞ 8። 5ኛው ክርን ያጥፋል፣ 6ኛው የእጅ አንጓን ወደ ላይ ያነሣል፣ 7ኛው ክርንን ይዘረጋል፣ 8ኛው ያስጨብጣል። በስልክ ጠይቄዎት አንጓውን እንደሚያነሣ ነግረውኛል። ስለዚህ እስከ 6ኛው ደህና ነው፣ ከ7ኛው በታች ታፍኗል፤ ኤክስሬዩ ካሳየው ቦታ ጋር ይገጥማል። ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉት ነርቮች ድያፍራምን፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ስለሚያዙ በራሱ ይተነፍሳል። የጎድንና የሆድ ጡንቻዎቹ ግን ስለደከሙ አክታ ለመትፋት አቅም ያጥረዋል። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው እዚያ ላይ ነውና።

አሁን ወደ ቀዶ ጥገናው። መፈረም ያለባችሁ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አውቃችሁ ነው። ቀዶ ጥገና ህብለ ሰረሰርን አይጠግንም። በዓለም ላይ የተጨፈለቀ ህብለ ሰረሰርን የሚሰፋ ሐኪም የለም። የአገራችሁ የዋግ ገበሬ እርከን ሲናድ ድንጋይ የወደቀበት ቡቃያ አይቶ ያውቃል። ድንጋዩን ማንሣት ይችላል፤ ቡቃያው ቀና ማለት አለማለቱ የቡቃያው ጉዳይ ነው። እኛም የምናነሣው ድንጋዩን ነው፣ ማለትም ተንሸራቶ ህብለ ሰረሰሩን የተጫነውን አጥንትና ዲስክ። ቀጥለን ድንጋዩ ተመልሶ እንዳይወድቅ አጥንቱን እናስራለን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ሥራ እንዳይመስላችሁ። አንገቱ ከተረጋጋ ወንድምዎ በቀናት ውስጥ ቁጭ ይላል። ቁጭ ያለ ሰው ሳንባው ይከፈታል፣ መቀመጫው ከቁስል ይድናል፣ ፊዚዮቴራፒ ይጀምራል፣ የሰው ፊት እያየ ይበላል። ያልታሰረ አንገት ይዞ ለሳምንታት በጀርባው የሚተኛ ሰው የሚያልቀው ከአንገቱ ሳይሆን ከሳንባውና ከጀርባው ነው።

አባትዎ «አንገቱ ተቀዶ የዳነ ማን አለ?» ማለታቸው አይፈረድባቸውም። ይህን ጥያቄ ብቻቸውን አልጠየቁትም፤ 3,600 ዓመት ገደማ ያለው የግብጽ የቀዶ ጥገና ፓፒረስ አንገቱ ወልቆ እጅና እግሩ ስለማይሰማ ሰው ሲያወራ «የማይታከም ሕመም» ብሎ ይደመድማል። በእኛም አገር ከ25 ዓመት በፊት በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናው ሲጀመር የኖርዌይ በርገን ሐኪሞች አብረው አስተማሩ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እየሠለጠኑ የወጡት ወጣቶች ዛሬ ጎንደርም ባሕር ዳርም አሉ። አባትዎ ልጅ ሳሉ የሰሙት ያኔ እውነት ነበር።

የቀዶ ጥገናው መልክ ከሚፈራው ይለያል። ቀዶ ሐኪሙ በአንገት ፊት፣ በጎን በኩል፣ የሌባ ጣት የማታህል ቆዳ ይቀዳል። ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን ትልቁን ሥር ወደ አንድ ጎን፣ የአየርና የምግብ ቧንቧውን ወደ ሌላው ጎን ገፋ ሲያደርግ በተፈጥሮ የተሰጠ መተላለፊያ ያገኛል፤ ጡንቻ እንኳ የሚቆርጠው ጥቂት ነው። በ6ኛና በ7ኛ አጥንት መካከል ያለውን የፈነዳ ዲስክ ጠርጎ ያወጣል፣ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ክፍተቱን ከዳሌ በወሰደው ቁራጭ ይሞላል፣ ከላይ ትንሽ ፕሌት አድርጎ በአራት ብሎን ያስረዋል። የዳሌው ቁራጭ በሦስት ወር ገደማ ከላይና ከታች ካሉት ጋር ተዋሕዶ አንድ አጥንት ይሆናል። ያኔ ብረቱ ሥራውን ጨርሷል፤ ካላስቸገረ ግን አናወጣውም። የዛሬዎቹ በአብዛኛው ከታይታኒየም ስለሚሠሩ ወደፊት ኤምአርአይ ለመነሣት አይከለክሉም። አይዝግም፣ በብርድ አይቆረጥምም። ይህንን የምጽፈው ከደጋ የመጣ ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ነው።

አንዳንዴ ከቀዶ ጥገናው በፊት በራስ ቅል ላይ በሁለት በኩል መቆንጠጫ አስገብተን፣ በገመድ ክብደት እያንጠለጠልን፣ በየደረጃው እየጨመርን አጥንቱን ወደ ቦታው እንስባለን። ትራክሽን ይባላል። አይታችሁ እንዳትደነግጡ፤ በሽተኛው ነቅቶ፣ እያወራን፣ በየጭማሪው እጅ እግሩን እየመረመርንና ኤክስሬይ እያነሣን የምንሠራው ነው። ወጌሻው ከሚስበው የሚለየውም በዚሁ ነው።

አደጋ የለውም ልልዎት አልችልም። ድምፅ የሚያወጣው ነርቭ መንገድ ላይ ስላለ ለሳምንታት መጎርነን አለ፤ መዋጥ ያስቸግራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አጥሚትና ሾርባ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት አንገቱ አብጦ ትንፋሽ ካጠረው ነርስ መጥራት ሳይሆን መጮኽ ነው። ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ እግር ላይ የሚረጋ ደም አለ። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው በቀዶ ጥገናም ያለ ቀዶ ጥገናም ሊሞት ይችላል። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ ግን፣ ስሜት ያለውን፣ አጥንቱ የተንሸራተተውን የ26 ዓመት ወጣት በጠፍር አልጋ ወደ ቤት ከመመለስ ብፈርም እመርጣለሁ።

ጊዜው አልፏል ወይ? ከፊሉ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ 313 የአንገት ጉዳተኞችን የያዘ የሰሜን አሜሪካ ጥናት አለ። ከወደቁ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተቀደዱት ወደ 20 በመቶው በስድስት ወር ሁለት ደረጃና ከዚያ በላይ ተሻሽለዋል፤ ከዚያ ዘግይተው ከተቀደዱት ግን 9 በመቶ ያህሉ ብቻ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት መንገዱን ነው። ከደሃና ገደል መኪና መንገድ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ ሪፈር ይዞ ሌላ ረጅም መንገድ፤ 24ቱ ሰዓት ቀዶ ክፍል በር ሳይደረስ ያልቃል። ይህ የወንድምዎ ጥፋት አይደለም፤ የእርስዎም አይደለም። ዘግይቶ የሚሠራ ቀዶ ጥገና ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ነርቭን የማዳን ዕድሉ ይቀንሳል፣ አንገትን የማጽናት ጥቅሙ ግን ሙሉ ነው። ደግሞም የወለቀ አጥንት ሦስት ሳምንት ካለፈው ዙሪያው በጠባሳ ተይዞ በቀላል መሳብ አይመለስም፤ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጀርባ መቅደድ ሊያስፈልግ ይችላል። 12 ቀን ላይ ናችሁ። የቤተሰቡ ምክር በዚህ ሳምንት ቢያልቅ መልካም ነው።

ያበጠውን ያረግባል ተብሎ የሚሰጥ ውድ መርፌ ግዙ ካሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሜቲልፕሬድኒሶሎን በብዛት ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች መመሪያ ጉዳቱ ያመዝናል ብሎ ትቶታል። በ12ኛው ቀንማ ለምንም አይሆንም። ብሎኑና ፕሌቱ ግን የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ከሌለው ከውጭ ግዙ ልትባሉ ትችላላችሁ። አባትዎ በሬ ለመሸጥ ከመነሣታቸው በፊት የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ያነጋግሩ፤ የጤና መድን ደብተርና የሪፈር ወረቀቱን ከእጅዎ አይለዩ።

ስለ ወጌሻው። የትከሻ ውልቃትን በአንድ ጊዜ የሚመልሱ እጃቸው የሰላ ወጌሾች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ እጄ ተሰብሮ ወጌሻ አስሮኛል። የአንገት ነገር ግን ሌላ ነው። ትከሻ ውስጥ የሚያልፍ ህብለ ሰረሰር የለም። የተንሸራተተ አንገት በቅቤ ታሽቶ አንድ ጊዜ ቢሳብ ያች የእግር ጣቱ ላይ የቀረች ስሜት እዚያው ልትጠፋ ትችላለች። ለአጎትዎ ይህንኑ ይንገሯቸው። ከእናትዎ ጋር ግን ጠብ የለኝም። ጠበል ይጠጣ፣ ይረጭ፣ ካህኑም አልጋው ድረስ ይምጡለት፤ ኮላሩ ግን አይፈታ፣ የሽንት ቱቦው አይነቀል፣ ማንም አቅፎ አያቁመው።

ያስነሣዋል ወይ? እዚህ ላይ የአንድ ሰው ታሪክ ልንገርዎት። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ የሻምበል አበበ ቢቂላ ቮልስዋገን ተገለበጠች። እስኪነጋ መኪናው ውስጥ ታስሮ አደረ። አንገቱ ተጎድቶ ነበር፤ እጅና እግሩ አይታዘዝም። በዚያው ሳምንት ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ወሰዱት፤ በዚያ ዘመን ለህብለ ሰረሰር ጉዳተኛ ከዚያ የተሻለ ቦታ በዓለም አልነበረም። እግሩ አልተመለሰም። እጆቹ ግን ተመለሱ፤ በዓመቱ በዚያው በስቶክ ማንዴቪል በተደረገው የጉዳተኞች ውድድር ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ያነሣሁት ለማጽናናት አይደለም። በሆስፒታሉ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ማዕከሉን ያቆመው ሉድቪግ ጉትማን ለቀዶ ጥገና የማይቸኩል ሰው ነበር፤ በእሱ ዘመን የነበረው ቀዶ ጥገና አጥንቱን ከኋላ ቆርጦ አንገቱን ይብስ የሚያላላ ስለነበር አልተሳሳተም። ብሎንና ፕሌት ሲመጣ እኛ ከእሱ ተለየን። ጉዳተኛው በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ጎን እንዲቀይር ማድረጉን ግን ማንም አልሻረውም። ከእሱ በፊት እንዲህ ያለ ሰው በወራት ውስጥ በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። አበበን በሕይወት ያቆየው መቀስ ሳይሆን ይህ ነው፤ ይህን ደግሞ እርስዎ ማድረግ ይችላሉ። ሆስፒታሎቻችን ውስጥ አስታማሚ ማለት ግማሽ ነርስ ነው።

እንግዲህ በየሁለት ሰዓቱ ያዙሩት፦ አንድ ሰው ጭንቅላትና ትከሻውን ይያዝ፣ ሌሎቹ ዳሌና እግሩን፣ በአንድ ቆጠራ፣ እንደ ግንድ፣ ሳይጠማዘዝ። ባዞሩት ቁጥር መቀመጫውን፣ ተረከዙን፣ የዳሌውን አጥንት በብርሃን ይዩ፤ ተጭነው ሲለቁት የማይነጣ መቅላት ካለ በዚያ ጎን አይተኛም። ሲያስለው መዳፍዎን ከጎድኑ በታች ሆዱ ላይ አድርገው ከሳሉ ጋር እኩል ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይግፉለት፤ ከመሞከርዎ በፊት ግን ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳይዎት። ብርድ ስለሚሰማው ትኩስ ድንጋይ ወይም የፈላ ውኃ ያለበት ጠርሙስ እግሩ ሥር አያድርጉ፤ ቆዳው ሲቃጠል አይነግረውም። ከሳምንታት በኋላ ድንገት ራሱን ፈልጦት፣ ፊቱ በላብ ከተጠመቀ ቀና አድርገው አስቀምጡትና የሽንት ቱቦው መታጠፉን ወይም መዘጋቱን እዩ። ደም ግፊቱ ሽቅብ ወጥቶ ነው፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሞላ ፊኛ ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም እንኳ ያጋጥማል።

የጣቶቹን ነገር እንዳይረሱት። አስታማሚ ሁሉ የታጠፈ ጣት ሲያይ አዝኖ ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል። አንጓውን ወደ ላይ የሚያነሣ ሰው፣ የጣቶቹ ጅማት ትንሽ እንዳጠረ ከቀረ፣ አንጓውን ባነሣ ቁጥር ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ፤ ነርቭ ሳይኖር ይጨብጣል። በዚህ ጭብጥ ማንኪያ የሚይዙ፣ ስልክ የሚያነሡ፣ እንደ ምንም ብለው እንጀራ የሚጎርሱ በሽተኞች አሉኝ። አንጓውን አንሥቶ ጣቶቹን መዘርጋት ይህን ዕድል በገዛ እጅ መስበር ነው። አንጓው ተነሥቶ ሳለ ጣቶቹ ይታጠፉ፤ ጣቶቹን መዘርጋት ካስፈለገም አንጓው ወደ ታች ወርዶ ይሁን።

ለሌላው የዋግ አንባቢ ደግሞ ስለ ጠፍር አልጋው አንድ ነገር ልጨምር። ከገደል፣ ከዛፍ ወይም ከተገለበጠ አይሱዙ የወጣ፣ አንገቴን የሚል ወይም እግሩ የማይታዘዘው ሰው በጠፍር አልጋ ሲጫን ጠፍሩ ይረግባል፣ አንገቱም በየእርምጃው ይታጠፋል። ጠፍሩ ላይ ሳንቃ ወይም የተነቀለ በር አንጥፉበት። ጋቢ ጠቅልላችሁ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ አድርጉና ግንባሩን በነጠላ ከሳንቃው ጋር እሰሩት። በብብቱ ይዛችሁ አታንሡት፣ በቅሎ ላይ አታስቀምጡት፣ ውኃ ለማጠጣት ቀና አታድርጉት። ቀበቶውን፣ ዝናሩን፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አውጡ። ስሜት የሌለው ቆዳ ስድስት ሰዓት ጥይት ላይ ተኝቶ ሲመጣ አይቻለሁ፤ አንገቱ ታክሞ፣ ያ ቁስል ዓመት ፈጀበት።

እህቴ፣ በስልክ ስናወራ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼዎት ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እግሩን አንዴ በመርፌ ጫፍ አንዴ በጣትዎ ጫፍ ነክተው የቱ እንደሆነ ይንገርዎት ብዬ። ንክኪ ብቻ ከሚያውቀው ይልቅ የመርፌን ስለት የሚለየው ሰው ወደፊት የመራመድ ዕድሉ የተሻለ ነው፤ ዋናው ምርመራ ፊንጢጣ ዙሪያ በሐኪም እጅ የሚደረገው ቢሆንም። ማግስቱን ደውለው ግራ እግሩ ላይ እንደለየ፣ ቀኙ ላይ ግን ሁለቱንም «ጣት» እንዳለ ነገሩኝ። ይህንን ለቀዶ ሐኪሙ እንዲነግሩ ብያለሁ። አባትዎም አልጋው አጠገብ ቆመው ሲመለከቱ ነበር አሉኝ፤ መርፌውን ተቀብለው እሳቸውም ሞከሩ።